በማታለያ ዓሣ ማጥመድ ለሚጀምር ሰው የሚስማማ መሣሪያ

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ዓሣ ለማጥመድ የሚሄድ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ወፍራም ዘንግና ወፍራም ክር ይገዛል፤ ብርታት የሚገኘው ከውፍረት ይመስለዋልና። ነገር ግን ትንሽ ዓሣ መስሎ የተሠራው ማታለያ 10 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ሲወረወርም ዘንጉን አጕብጦ ርቆ የሚሄደው በዚሁ ክብደቱ ነው። ወፍራም ዘንግ አይጐብጥለትም፤ ወፍራም ክርም ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ 2 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀላል ዘንግ፥ 4 ኪሎ የሚችል የናይለን ክርና ትንሽ መጠቅለያ ይበቁታል። ከዋጋው የተረፈው ገንዘብ ለትርፍ ማታለያ ይሁን፤ ባስ የተባለው ዓሣ ደንገል ሥር ማድፈጥ ስለሚወድ፥ በደንገሉ ተይዞ የሚቀረው ብዙ ነው። የተያዘውን ለማስለቀቅ ግን ወደ ውሃው ከመግባት ክሩን በጥሶ መተው ይሻላል፤ በዚያ ደንገል ውስጥ ጉማሬ አለና።