ተረት ከማስተማራችን በፊት ተማሪውን እንጠይቀው

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የምትገኙ የአማርኛ መምህራን፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ተረት ትምህርት ነው።

መምህሩ ክፍል ገብቶ «ተረት ተረት!» ሲል ግማሹ ተማሪ «የላም በረት!» ብሎ ይመልሳል፤ ግማሹ ዝም ይላል። ታዲያ ዝም ያለው ልጅ ተረት ለመማር አልደረሰም ማለት ነውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ይፋት አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። ያ ልጅ አያቱ በሌላ ቋንቋ የነገሩትን ስንቱን ተረት በሆዱ ይዞ ይሆናል። አንድ ጊዜ «ሰነፍ» ከተባለ ግን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከብት ጥበቃውን ይመርጣል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ በኋላ 15 ማድረሱን እናስታውስ። ሰው በሚሰማው ቋንቋ ሲማር ይፈጥናልና።

እንግዲህ የተማሪውን ዝግጁነት በ3 ነገር እንመዝን።

አንደኛ፣ ጆሮውን። አጭር ተረት በቃል ንገሩትና «ማን ነበረ? ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ አንደበቱን። ተረቱን በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገር። ቃል ቢጠፋው በቤቱ ቋንቋ ይሙላ፤ የሚያውቅ ጓደኛው ይተርጉምለት።

ሦስተኛ፣ ልቡን። ተረቱን መካከል ላይ አቁሙና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት። ማሽላ ከዝንጀሮ ሲጠብቅ የዋለ ልጅ የዝንጀሮን ተንኮል ከመምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል።

እነዚህን ሳናይ በፊደል ብቻ ብንፈትነው፣ የንባቡን ድካም የማስተዋል ድካም አድርገን እንቆጥርበታለን። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ያነበባችሁ እንደምታውቁት፣ በግጥም የቀረበ ተረት ቃሉ ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በቀላል ስድ ንባብ፣ በመጨረሻ በግጥም ይሁን። በ3ቱ መመዘኛ የት ላይ እንደቆመ ካወቃችሁ፣ ከዚያው ጀምሩለት።

እስቲ ነገ ክፍል ስትገቡ ዝም ያለውን ልጅ «በናንተ ቤት ተረት ሲጀመር ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱ ይበል፤ ክፍሉ በሙሉ ይቀበለው። ከዚያ በኋላ የናንተን «ተረት ተረት» ለመቀበል አፉ አይያዝም።