ስለ ልጆቻችን የንባብ ሰዓት
ለወላጆችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር



ዛሬ ከስንዴና ከብርድ ልብስ ወጣ ያለ ነገር ይዘን ቀርበናል። የምንናገረው ስለ ትምህርት ቤት የተረት መጽሐፍ ነው። የእርዳታ ድርጅት በዚህ ምን አገባው የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው እየመጡ «ይህን እንዴት እናድርገው?» ይሉናልና ዝም ማለት አልቻልንም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ዓመታቱን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እንጠራለን። በ2022 የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ንባብ ጥቂት የሥዕል መጻሕፍት ጨመረ። በውስጣቸው የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ይገኛሉ። «የአጎት ቦቢ ሠርግ» የሚባለው፣ የምትወደው አጎቷ ሲያገባ እንዳይረሳት ስለምትፈራ ትንሽ ልጅ ይተርካል፤ አጎትየው የሚያገባው ወንድ ነው። «ልዑሉና ፈረሰኛው» በሚባለው ደግሞ ሁለቱ ዘንዶውን ድል ካደረጉ በኋላ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ሁለቱንም ቁጭ ብለን አነበብናቸው። ስድብም ሆነ ነውረኛ ሥዕል የለባቸውም። ሳያነቡ የሚናገሩ ብዙዎች ስለሆኑ ይህን መመስከር ይገባናል። ሆኖም ጋብቻ ምንድር ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱም እኛ በቤታችንና በጉባኤያችን ከምናስተምረው የተለየ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ አስተማሪው ያነበበለትን አይመረምርም፤ ይቀበላል እንጂ።

ቦርዱ በመጀመሪያ ወላጆች አስቀድመው እንዲነገራቸውና ልጃቸውን ከዚያ ክፍለ ጊዜ እንዲያስወጡ ፈቅዶ ነበር። በማርች 2023 ግን ፈቃዱ ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ እንደሚቀር አስታወቀ። ብዙ ልጆች ሲወጡ ትምህርቱን መምራት ያስቸግራል፣ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያላቸው ልጆችም ጓደኞቻቸው ተነሥተው ሲሄዱ ሲያዩ ይሸማቀቃሉ የሚል ምክንያት ሰጠ። በግዛቲቱ ደንብ ወላጅ ልጁን ከሥነ ተዋልዶ ትምህርት ማስወጣት ይችላል። እነዚህ መጻሕፍት ግን የገቡት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ያ ፈቃድ አላገኛቸውም።

በዚያው ዓመት በበጋ በሮክቪል ከተማ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ጎን ለጎን ቆመው ተቃወሙ። ወሎን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክሱን ያቀረቡት የሙስሊም፣ የካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች ሲሆኑ፣ የበታች ፍርድ ቤቶች በ2023 እና በ2024 ጥያቄያቸውን አልተቀበሉትም። ጁን 27 ቀን 2025 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ለወላጆቹ ወሰነ። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት በዚህ ውሳኔ መሠረት ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ አስቀድሞ ማስታወቅና ልጆቹን መልቀቅ ነበረበት። መጻሕፍቱ ይከልከሉ አልተባለም፤ ወላጆቹም ይህን አልጠየቁም። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት የልዩ ልዩ ቤተሰብ ልጆች የሚተዋወቁበት ቦታ መሆኑን አስረዱ። «የአጎት ቦቢ ሠርግ»ንም ሙሉውን አያይዘው አወጡት፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ ማለታቸው ይመስለናል።

በውሳኔው ደስ ብሎናል፤ ይህን አንሸሽግም። ከዚያ በኋላ ያጋጠመን ግን አሳስቦናል።

አንዲት እናት ሌሊት ሠርታ ስትገባ ልጇ የትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ይጠብቃታል። «ምን ይላል?» ብትለው «ምንም አይደለም እማ፣ ፈርሚ» አላት፤ እርሷም ፈረመች። በምን ላይ እንደ ፈረመች ያወቀችው እኛ ካነበብንላት በኋላ ነው። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ብዙ ማስታወቂያዎችን በአማርኛም ያወጣሉ፤ የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። ሕፃን ለወላጁ አስተርጓሚ ሲሆን በቤት ውስጥ ወላጁ ማን እንደሆነ ይጠፋል።

ሌላው ከዚህ ይከብዳል። አንድ አባት ልጁን ከንባቡ አስወጣ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ከአንድ የክፍል ጓደኛው ጋር መጫወት ማቆሙን ሰማ፤ ያ ጓደኛው ሁለት እናቶች አሉት። አባትየው ደንግጦ ወደ እኛ መጣና «እኔ መጽሐፉን ነው እንጂ ልጁን መች አልሁ?» አለን። ለልጁስ ምን ነገርኸው ብንለው አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ፈርሞ ከመላክ በቀር ምንም አልነገረውም ነበር። ሕፃኑ ባዶውን ቦታ በራሱ ግምት ሞላው። ቦርዱ የፈራው ሽማቀቄም በዚያ በሌላው ልጅ ላይ ደረሰ። ይህን ሸክም በፍርድ ቤቱ ላይ ወይም በአስተማሪዋ ላይ ልንጥለው አንችልም፤ የእኛው ነው።

ያ አባት በዚያው ማታ ልጁን አስቀምጦ አነጋገረው። ስለ ጋብቻ የሚያምነውን ሳይቀንስ ነገረው፤ ጓደኛውም እንደ እርሱ የእግዚአብሔር ፍጥረት እንደሆነ፣ ማንም ሊንቀው እንደማይገባ ጨምሮ ነገረው። በልደቱ ቀን ያ ጓደኛው ከእናቶቹ ጋር ተጠርቶ መጣ። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፤ ልጆቹም እስኪመሽ ድረስ ኳስ ሲጫወቱ ዋሉ።

የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ በጽሕፈት ቤታችን ይቀመጣሉ። ደብዳቤውን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ኑ፤ የመጽሐፉን ስም ካወቃችሁም ጻፉልን፤ ፈልገን አብረን እናነበዋለን። ልጆቹን ለማስተርጎም ብላችሁ አታምጧቸው።