እጁስ ነፃ ወጣ፤ አሳቡስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለተማሪዎችና ለወላጆች የተነገረ)





ለዚህ በዓል ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ስለ ሀገር ፍቅር፥ ሌሎቹም ስለ ትምህርት ጥቅም እንድናገር መከሩኝ። ሁለቱም መልካም አርእስት ናቸው። ነገር ግን በየዓመቱ በዚህ መድረክ ሲነገሩ ሰምተናቸዋልና እኔ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ብናገር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ዕቃዪቱ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ፥ ዋጋዋም ከአንድ ጥንድ ጫማ የሚያንስ ናት። በመኪና ውስጥ ስልክ በእጅ ሳይያዝ ለመነጋገር የምታገለግል ስትሆን፥ ሻጮቹ «ሃንድስ ፍሪ»፥ ሾፌሮቹ ደግሞ ባጭሩ «ብሉቱዝ» ይሏታል። እርሷን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን በዓይናችሁ የምታዩትን ላስታውሳችሁ። ከትምህርት በኋላ በዊንጌት አደባባይ ዳር ሩብ ሰዓት ያህል የቆመ ሰው ብዙ ዓይነት ብልሃት ያያል። አንዱ ሾፌር ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ቆልፎ አንገቱን እንደ ታመመ ሰው አዘንብሎ ይነዳል። አንዲት ወይዘሮ ስልኳን በሻሿ ውስጥ ሸጉጣ ትነጋገራለች። ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን በጉልበቱ ላይ ያኖርና ወደ ጉልበቱ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ደግሞ የሚኒባስ ረዳት ከኋላ ተንጠራርቶ ስልኩን በሾፌሩ ጆሮ ላይ ይዞለት ሲሄድ አይቻለሁ። ይህም በአንድ በኩል «እጅ አልባ» አነጋገር ነው፤ የሾፌሩ እጅ ነፃ ነበረና!

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ስልክ አስቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ነበረ። ስልኩ በግድግዳ ላይ፥ መኪናው በመንገድ ላይ ሆነው ሁለቱ ለብዙ ዘመን ሳይገናኙ ኖሩ። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በከተማችን ሥራ ሲጀምር ግን ተገናኙ፤ ከዚያም ወዲህ አልተለያዩም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መነጋገርን ከልክሎ ነበር፤ ደንቡም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ሾፌሮች ክልከላውን ሲሰሙ ብዙዎቹ ስልኩን አልተዉትም፤ እጃቸውን ብቻ አነሡ። ዕቃዪቱ ገበያ ያገኘችው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። የእናቴ ወንድም በአሮጌ ፒካፕ ከመርካቶ ዕቃ እየጫነ በጳውሎስና በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ ሱቆች ያመላልሳል። ለእርሱ ስልክ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አትገኝምና ደንበኛው ሁሉ የሚያስረዳው በቃል ነው፤ «ከጳውሎስ አለፍ ብለህ፥ ወደ ውስጥ ታጥፈህ፥ ሰማያዊ ቆርቆሮ አጥር ስታይ ደውልልኝ» ይለዋል። ሲደውልም «አልፈኸዋል፤ ተመለስ» ይባላል። ስለዚህ አጎቴን «በመኪና ውስጥ ስልክ አታንሣ» ማለት «አትሥራ» ከማለት አይለይም ብዬ አምን ነበር።

እኔም የኤሌክትሮኒክስ ነገር የምወድ ልጅ ስለ ሆንሁ አንድ ቀን ይህችን ዕቃ ገዝቼ ወሰድሁለት። ሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ ትሰካለች። ከስልኩ ጋር በሬዲዮ ሞገድ ትገናኛለች፤ ይህ ግንኙነት ነው «ብሉቱዝ» የሚባለው፤ ስሙም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው። የደዋዩን ድምፅ ከስልኩ ትቀበልና በኤፍ ኤም ወደ መኪናው ራዲዮ ታስተላልፋለች፤ የሾፌሩን ድምፅ ደግሞ በራሷ ላይ ባለችው ትንሽ ማይክሮፎን ወስዳ ለስልኩ ትሰጣለች። እኔ ማንም ጣቢያ የማይናገርበትን ባዶ ቦታ በራዲዮኑ ላይ ፈልጌ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጀመሪያው ቀን የሞተሩ ጩኸትና የራዲዮኑ ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ እየገባ የገደል ማሚቶ ሆኖብን አጎቴ እንደ ገበያ ጠሪ ይጮኽ ነበር። ድምፁን ዝቅ፥ ማይክሮፎኑን ቀረብ ሳደርገው ተስተካከለ። ያን ጊዜ በኩራት «ጋሼ፥ ከእንግዲህ ያለ ሥጋት ተነጋገር» አልሁት። እነዚህን ቃላት እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ክፍላችን በእግር ኳስ አሸንፎ ነበርና ደስታዬን ለመንገር ደወልሁለት። ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት እየመጣ ነበር። «መኪና ላይ ነህ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ዕቃዪቱ አለችለት፥ ምን ቸገረኝ! ሁለተኛው ጎል እንዴት እንደ ገባ፥ ኳሱ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ እተርክለት ጀመር። እርሱም «እህ፥ እህ፥ ከዚያስ?» ይለኛል። ኳሱን ከግብ ጠባቂው እጅ ሳላወጣው የፍሬን ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሴቶች ጩኸት መጣ። ከዚያም በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰልኝም። መስመሩ ግን አልተቋረጠም፤ እኔም ስልኩን በጆሮዬ ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ጓደኞቼ፥ አካል የሌለውን ድምፅ የመሆን ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አወቅሁት።

ዳቦ ተልኮ የሚመለስ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። መኪናው በጎኑ ገፍቶ ጣለውና ክንዱ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከዚህ የከፋ አልደረሰም። አጎቴ ራሱ አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ከልጁ እናትም ጋር እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተቀመጠ። የትራፊክ ፖሊሱ «ስልክ በእጅህ ነበረ ወይ?» ሲለው «አልነበረም» አለ፤ እውነቱን ነው። ስለ እጁ ተጠየቀ፥ ስለ አሳቡ ግን የጠየቀው የለም። እኔ ግን በማግሥቱ ጠየቅሁት። የመለሰልኝ ይህ ነው፤ «ሁለት እጄ መሪው ላይ ነበረ። ዓይኔም ከመንገዱ አልተነሣም። ያየሁት ግን መንገዱን አይደለም፤ አንተ የምትነግረኝን ጎል ነበር።»

ይህ የአንድ ደካማ ሾፌር ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በኋላ የሊቃውንቱን ጽሑፍ ፈልጌ አነበብሁ። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አደጋ የደረሰባቸውን 699 ባለ ስልክ ሾፌሮች የስልክ ሒሳብ መዝገብ መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ በስልክ በሚነጋገሩበት ጊዜ የመጋጨት ዕድላቸው ከሌላው ጊዜ አራት እጥፍ ያህል እንደ ነበረ ገለጹ። ስልኩን በእጅ ሳይይዙ በሚነጋገሩትም ዘንድ አደጋው አንሶ አላገኙትም። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስትሬየር የተባለው መምህርና ባልደረቦቹ ሾፌሮችን በመኪና ቅርጽ በተሠራ መለማመጃ ላይ አስቀምጠው ዓይናቸው የሚያርፍበትን በመሣሪያ ተከታተሉ። በስልክ የሚነጋገሩት ሾፌሮች ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈበትን ማስታወቂያ እንኳ በኋላ ለይተው ለማወቅ ተቸገሩ። አጎቴ በዊንጌት መንገድ ላይ ያለኝን ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ጽፈውት ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ «እንግዲያውስ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር መጫወትም ይከልከላ!» ይለኝ ይሆናል። እኔም ይህን ጠይቄ ነበር። እነዚሁ የዩታ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ሾፌሮቹን አንድ ማረፊያ ቦታ ላይ እንዲወጡ አዘዟቸው። ከጎናቸው ከተቀመጠ ወዳጅ ጋር የሚጫወቱት አብዛኞቹ በደኅና ወጡ፤ በስልክ ከሚነጋገሩት ግን ግማሽ ያህሉ ቦታውን አልፈውት ሄዱ። ምክንያቱም ከጎን ያለው ሰው መንገዱን ያያል። መኪና ሲበዛ ዝም ይላል፤ ሲያስፈልግም «ልጁን ተጠንቀቅ!» ይላል። በስልክ ያለው ሰው ግን ጎሉን መተረኩን ይቀጥላል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ በገባ ጊዜ አካል የሌለውን ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ ሰዎች እንደ ነበሩ ይተረካል። እኛ ስንሰማ እንስቃለን። ሰይጣንነቱን ትተን አካል አልባነቱን ብቻ ብናስብ ግን አባቶቻችን የነኩት ነገር ነበረ። መንገድ ላይ ያልተገኘ ሰው መንገዱን አያይም።

ርቀቱንም በሒሳብ እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። «ሃሎ፥ የት ደረስህ?» ብሎ መልስ ለመስማት ሁለት ሰኮንድ ቢፈጅ መኪናው 22 ሜትር ተጉዟል፤ የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር ብቻ ነው። በከተማችን ደግሞ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በዚያች 22 ሜትር ውስጥ የሚገኘው እንግዲህ በእግሩ የሚሄድ እንደ እኛ ያለ ሰው ነው።

ስለዚህ ዕቃዪቱ ትጣል አልልም። ቁጥር ለመምታት ወደ ጉልበቱ ከሚያጎነብስ ሾፌር ዓይኑን ቀና አድርጎ የሚነዳው ይሻላል። አደጋ በደረሰም ጊዜ ስልክ ነፍስ ያድናል፤ በቶሮንቶ ከተመረመሩት ሾፌሮች 39 ከመቶ የሚሆኑት ከግጭቱ በኋላ በዚያው ስልካቸው እርዳታ ጠርተዋል። የተሳሳትሁት ዕቃዪቱን በመግዛቴ አይደለም። «ያለ ሥጋት» በማለቴ ነው፤ ከዚያም ይልቅ በመደወሌ።

ሾፌሮች በዚህ አዳራሽ ጥቂት ናችሁ፤ ደዋዮች ግን ሁላችንም ነን። «አባዬ የት ደረስህ?» የምንለው፥ ታክሲ ጠርተን ሾፌሩን መንገድ ለመንገድ በቃል የምንመራው፥ ስላላነሣ ሦስቴና አራቴ የምንደውለው እኛ ነን። ስልኩን ሲያነሣ «ቆመሃል ወይስ እየነዳህ ነው?» ብለን ብንጠይቅ፥ «እየነዳሁ ነው» ካለን «ስትቆም ደውልልኝ» ብለን ብንዘጋ ስንት ሳንቲም ያስወጣናል? አድራሻችንንም ቢሆን መኪናው ሳይነሣ በጽሑፍ መላክ እንችላለን፤ ሾፌሩም ቆሞ ያነበዋል። አጎቴ አሁን ለደንበኞቹ የነገራቸው ይህንኑ ነው። አንድ ሁለቱ ተቀይመው ሌላ ፒካፕ ፈለጉ፤ የቀሩት ለመዱት።

ዕቃዪቱ እነሆ በእጄ ናት፤ አጎቴ ባለፈው ወር ከሶኬቱ ነቅሎ መለሰልኝ። ያ ልጅ ክንዱ ድኗል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አይዘረጋለትም። በአደባባዩ ሲያልፍ የአጎቴን ፒካፕ ያውቃታል፤ በደኅናው እጁ ሰላምታ ይሰጠዋል። አጎቴም ሰላምታውን ለመመለስ መጀመሪያ መኪናውን ያቆማል።