የመሮ ጥራት ከእሳቱ ይጀምራል
(በመካኒሳ አቦ ለእንጨት ሥራ ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር)



በአንድ ሱቅ የተደረደሩ ሁለት መሮዎች እኩል ያንጸባርቃሉ። ሥራ ላይ ሲውሉ ግን አንዱ ደረቅ ወይራ ሲበሳ ይውላል፤ ሌላው ገና ከጠዋቱ ጫፉ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል። ብዙ አናጢ እንዲህ ሲሆንበት የገዛ እጁን ይወቅሳል፤ ወጣት ተለማማጅ ከሆነማ ተግሣጹም ይከተለዋል። እኔ ግን ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው መሮው ከተሠራበት ብረትና ካለፈበት እሳት ላይ ነው።

ከብረቱ እንነሣ። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ አግለው ቢነክሩትም ለመሮ የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ለመሮና ለመላጊያ ምላጭ የሚሆን አረብ ብረት ከመቶ 0.6 እስከ 1.2 ያህል ካርቦን ያስፈልገዋል። የመኪና ባሌስትራ በተለምዶ 0.6 ገደማ አለው። ስለዚህ ቀጥቃጮቻችን አሮጌ ባሌስትራ እየመረጡ መጥረቢያና ቢላ የሚሠሩት በእውቀት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ያደረሳቸው ንቀት፣ ይህን እውቀት በጽሑፍ እንዳይቀመጥና በትምህርት እንዳይዳብር አድርጎታል። ይህ ዛሬም ያስቆጨኛል።

ገዢውን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ፤ «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ማኅተም። ማኅተሙ በብረቱ ውስጥ ምን እንደተጨመረ ይጠቁማል እንጂ፣ ካርቦኑ ስንት እንደሆነና እሳቱ እንዴት እንደተያዘ አይናገርም።

ዋናው ነገር ያለው እሳቱ ላይ ነው። ብረቱ ሲግል ማግኔት መሳቡን የሚያቆምበት ደረጃ አለ፤ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ባሌስትራ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፍሙ ላይ ከልክ በላይ ከቆየ ደግሞ የውስጡ ቅንጣት ይተልቃል። እንዲህ ያለው ብረት ሲሰበር ስብራቱ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይታያል፤ በልኩ የጋለው ግን ድቅቅ ያለ ግራጫ ነው። ቅንጣቱ የተለቀ መሮ ምንም ያህል ቢሳል ጫፉ መሸረፉን አይተውም። ቀኑ ብርሃን በሆነበት ደጅ የብረቱን ቅላት በዓይን መለየት ያስቸግራልና፣ ቀጥቃጩ በሽቦ ያንጠለጠላት ትንሽ ማግኔት ብዙ ብረት ታድነዋለች።

ተነክሮ የወጣ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ አንድ ሁለት ሰዓት። የኬክ መጋገሪያ ምድጃ ይበቃል። ቀድሞ ከተወለወለ ፊቱ ላይ የገለባ ቀለም ይወጣል። ከአሮጌ ሞረድ የተሠራ መሮ በመዶሻ ሲመታ የሚፈነጠረው ብዙ ጊዜ ይህ ደረጃ ስለተዘለለ ነው፤ ለዓይንም አደገኛ ነው።

በየሥራ ቤቱ ደግሞ ጥሩውን መሮ በገዛ እጃችን እናበላሸዋለን። በግራይንደር ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ፣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ያህል ደርሷል ማለት ነው፤ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ቀንሷል። ሰማያዊው ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ ምላጩ ስለት ቢወጣለትም ቶሎ ይዶለዱማል። ቀስ ብሎ እየነካኩ፣ ውኃ ውስጥ እያበረዱ መሳል ነው።

ስለ ካርባይድ ባጭሩ ልናገር። ካርል ሽሮተር በጀርመን በ1920ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የደረሰበት ይህ ቁስ የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ጋር ተጨምቆና ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ውስጥ ያለው ሙጫ ተራ የብረት ጥርስን ቶሎ ስለሚበላ፣ ለእነሱ የካርባይድ ጥርስ ያለው የሰርኩላር መጋዝ ግዙ። በሞረድ ግን አይሳልም፤ የአልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል። ጥርሱ ከመጋዙ ጋር የተበየደበትንም ስፍራ ተመልከቱ፤ ብየዳው ደካማ ከሆነ እየዞረ ሳለ ጥርሱ ሊወረወር ይችላል።

ለመካኒሳ አቦ ሥራ ቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ መሮ በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ፈትኑ። ከጫፉ አጠገብ አሮጌ ሞረድ አሳርፉበት፤ ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ቀጥሎ ስላችሁ ደረቅ ወይራ ላይ ምቱት። አዲስ ሳለ ቢያስቸግርም ሁለት ሦስቴ ከተሳለ በኋላ የሚሻሻል ካለ አትጣሉት፤ በእሳት ካርቦኑን ያጣው የላይኛው ቆዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚሸረፈውን ምድጃ ውስጥ ከ200 ዲግሪ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ እንደገና አሙቁት፤ ቅንጣቱ ካልተለቀ ይድናል። የሚታጠፈውን ግን ምድጃ አያድነውም፤ ካርቦኑ በቂ ከሆነ ወደ ቀጥቃጩ እሳት ተመልሶ እንደ አዲስ መነከር አለበት።