ስለ መምህራን የጤና መጠይቅና ስለ ምሥጢር አጠባበቅ



የዛሬው ንግግሬ አሠሪ የሠራተኞቹን ጤና ለማወቅ ስለሚያድለው መጠይቅ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን ስለ ምን እንደሚደብቅ ልንመረምር ይገባናል።

በ1977 ዓ. ም. በትግራይና በወሎ ረኀብ በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ። ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በፋውም መጠለያ ተዘጋጀ። እንዲህ ባለ ሰፈር የታመመውንና የሞተውን ለማወቅ በየመጠለያው እየዞሩ መጠየቅ የጤና ሠራተኛ ግዴታ ነው። ዳሩ ግን ቀለብ በቤተ ሰብ ቍጥር በሚሰፈርበት ስፍራ ሁሉ አንድ ሞት መናገር የአንድ ሰው እህል ማጣት ይሆናል፤ ስለዚህ ኀዘንተኛው ዝም ይላል። የስደተኞችን ጤና የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ፥ በቃል ብቻ ሳይወሰኑ መቃብር እስከ መቍጠር ይደርሳሉ። መልሱ እንጀራ የሚያስቀር ከሆነ እውነት ከወረቀቱ ትሸሻለች።

ከስደተኛ መጠለያ እስከ ትምህርት ቤት መንገዱ ሩቅ ቢመስልም የሰው ጠባይ አንድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የአእምሮ ጭንቀት ያለበት መምህር፥ መልሱ ከዕድገቱ ፋይል ጋራ እንደሚቀመጥ ቢጠረጥር «ደኅና ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ሹሙ ይታለላል፤ በሽተኛው ሳይረዳ ይቀራል፤ ጉዳቱም ለተማሪዎቹ ይተርፋል።

ሕጋችን ለዚህ መሠረት ጥሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በ1999 ዓ. ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 515 ለቅጥር የጤና ማስረጃ ሲጠይቅ የኤች አይ ቪ ምርመራን ለይቶ አስቀርቶ ነበር። የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የጤናን ነገር ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ጋራ ቈጥሮታል።

ሆኖም አዋጅ ብቻውን መሳቢያ አይቈልፍም። ስለዚህ ጠያቂው አስቀድሞ ምክንያቱን ይግለጥ፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅ፤ መልስ መስጠት ያልፈቀደም አይጐዳ። ወረቀቱን የሚሰበስበው ዕድገትና ቅጣት የሚወስነው ሹም ሳይሆን የጤና ባለሙያ ይሁን። ስም መሰረዝ ብቻም አይበቃም፤ ስምንት መምህራን ባሉበት ትምህርት ቤት «ሴት፥ ዕድሜ 50፥ የሒሳብ መምህርት» ብሎ መጻፍ ስሟን መጥራት ነውና። ውጤቱ የብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድነት ተደምሮ ይነገር፤ ወረቀቶቹም ሥራቸው ሲፈጸም ይቃጠሉ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የተማሪን ገመና መሸፈን የሙያችን ክብር እንደ ሆነ ሁሉ፥ የመምህርንም ገመና መሸፈን የባለሥልጣን ክብር ነው። ምሥጢሩ እንደሚጠበቅለት ያመነ መምህር ሕመሙን ይናገራል፤ ሕመሙን የተናገረም መድኃኒት ያገኛል።