በሩን ዘግቶ የረዳ ጌታ

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ ማርቆስ 5፥35-43

ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ አንብቡ። ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀው ታሪክ ነው። ቢሆንም አንብቡት። በተለይ የመጨረሻውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ድሃ ልጆች ትምህርት ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በየቤተ ክርስቲያኑ ደብተር እንሰበስባለን፣ ቦርሳ እንገዛለን፣ ዩኒፎርም እናሰፋለን። መልካም ነው፤ ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ግን ልጅ እረዳለሁ ብዬ ልጅ ያሳፈርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን የምናገረው ንስሐ የገባሁበትን ነገር ነውና በትዕግሥት ስሙኝ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ ማገልገል በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በመስከረም ወር አንድ እሁድ ሃያ ልጆች መድረክ ላይ አወጣን። የእያንዳንዱን ልጅ ስም በማይክ ጠራሁ። እየመጡ ቦርሳ ተቀበሉ። ቦርሳው ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ስም በትልቁ ታትሟል። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል አለ፣ ካሜራውም ቀረጸ። ከልጆቹ አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቦርሳውን ተቀበለችና ፊቷን በቦርሳው ሸፈነች። እኔ ዓይን አፋር ናት ብዬ አሰብኩ። «ቀና በይ እንጂ፣ ፈገግ በይ!» አልኳት፣ ያውም በማይክ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ጥር ላይ እናቷ ቢሮዬ መጡ። በየሰው ቤት ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ እናት ናቸው። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል፤ በፌስታሉ ውስጥ ያ ቦርሳ አለ። «ፓስተር፣ አይቀየሙኝ፤ ይህን ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ» አሉኝ። «ምነው እናቴ፣ ምን ተፈጠረ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ ድሃ መሆኗንማ ታውቃለች፣ አብረን አይደል የምንኖረው። ሰው ሁሉ እንደሚያውቅባት ግን አታውቅም ነበር።»

ለካ በዚያ እሁድ ከጉባኤው መካከል የክፍል ጓደኞቿ ነበሩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቦርሳዋን አይተው ስም አወጡላት። መጀመሪያ ቦርሳውን መያዝ ተወች። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች። በመጨረሻ ትምህርቱንም ተወች። እኛስ? መስከረም ላይ ቦርሳ ከሰጠን በኋላ «ልጅቷ እንዴት ናት? ደብተሯ አላለቀም ወይ?» ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። ፎቶዋ ግን በቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የልጅቷን ስም አልናገርም፣ ሰፈሩንም አልጠራም። ይህችን ታህል ለመናገርም እናትየዋን አስፈቅጃለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የማርቆስ 5 መጨረሻ በአዲስ ዓይን የታየኝ። ኢያኢሮስ የምኩራብ አለቃ ነው፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ለቅሶና ጫጫታ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሞታለች። ጌታ ኢየሱስ ገባና ምን አደረገ? ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጣ። አባቷን፣ እናቷንና ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ብቻ አስቀረ። በአምስት ሰው ፊት የልጅቷን እጅ ይዞ አስነሣት። ከዚያም ይህን ነገር ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዛቸው። የመጨረሻ ትእዛዙ ደግሞ ምግብ እንዲሰጧት ነበር።

እስቲ አስቡት ወገኖቼ። እኛ ብንሆን ሙት አስነሥተን በር እንዘጋለን? ፖስተር እናሳትም ነበር! ልጅቷን በየጉባኤው እያዞርን ምስክርነት እናሰጣት ነበር። ጌታ ግን ያቺ ልጅ ነገ ውኃ ልትቀዳ እንደምትወጣ፣ ከእኩዮቿ ጋር እንደምትጫወት ያውቃል። ዕድሜ ልኳን የሰው መጠቋቆሚያ እንድትሆን አልፈለገም። ለሥራው ምስክር አላሳጣትም፤ አምስት ሰው አይቷል። ሕዝብ ግን አልጠራባትም።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ተአምሩ በቅጽበት ያለቀ ነው። ምግቡ ግን የዕለት ዕለት ነገር ነው፤ ዛሬ ትበላለች፣ ነገም ይርባታል። ጌታ ታላቁን ሥራ ከሠራ በኋላ ሆዷን አሰበ። ልጅ መርዳት ማለት እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፦ በሩን መዝጋትና ምግቡን አለማቋረጥ።

በሩን የመዝጋት ነገር በዚህ ክፍል ብቻ አይደለም ያለው። በሩት ምዕራፍ 2 ቦዔዝን ታገኙታላችሁ። ሩት ባዕድና መበለት ናት፤ ቃርሚያ ልትለቅም መጣች። ቦዔዝ አስጠርቷት በሠራተኞቹ ፊት እህል ሊያሸክማት ይችል ነበር። እርሱ ግን ሠራተኞቹን እንዳያሳፍሯትና እንዳይቆጧት አዘዘ፤ ከነዶውም ሆን ብለው እንዲጥሉላት ነገራቸው። ሩት ወደ ቤቷ የገባችው በገዛ እጇ የለቀመችውን ይዛ ነው። ጌታችንም በማቴዎስ 6 መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራ እጅ እንኳ ማወቅ እንደሌለባት አስተምሯል። የእኛ ግራ እጅ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮ ትቀርጻለች!

ምግቡን ስላለማቋረጥ ደግሞ ልናገር። አንዳንድ ሰው «የመንግሥት ትምህርት ቤት እኮ ነፃ ነው» ይላል። እውነት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ እንዲማሩ ደንግጎ ነበር። በአዲስ አበባም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ይመገባሉ። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። መስከረም ላይ የተሰጠ ደብተር የካቲት ላይ ያልቃል። ጫማ ይቀደዳል። የታክሲ ብር የለም። ሴት ልጅ የንጽሕና መጠበቂያ ስታጣ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከክፍል ትቀራለች፤ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን እናንተው ደምሩት። እናት ስትታመም ታናናሾቹን የሚጠብቀው ትልቁ ልጅ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ስድስት ሰው እየኖረ ማታ የት ቁጭ ብሎ ያጥና?

ትምህርት ቤት መግባት ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ሁላችንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሀብታሙም ልጅ ወድቋል፤ የሀብታሙ ልጅ ግን አስጠኚ ይቀጠርለታል። ለድሃው ልጅ ማን ያስጠናው? ወገኖቼ፣ በየቤተ ክርስቲያናችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ጡረታ የወጣ ኢንጂነር አለ። አዳራሹም ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤትን ታሪክ ታውቁታላችሁ? በ1780 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሬክስ በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ድሃ ልጆችን እሁድ እሁድ ሲሰበስብ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማንበብን ጭምር ነበር የሚያስተምሯቸው። ልጆቹ በሌላው ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ ያላቸው ቀን እሁድ ብቻ ነበር። ፊደልና ወንጌል ከጥንትም አብረው ነው የመጡት።

እኛስ ከዚያች እናት በኋላ ምን አደረግን? ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩና በድያለሁ አልኳቸው። ጸለይን። ከዚያ አሠራራችንን ለወጥን። ምናልባት እናንተንም ይጠቅማችሁ ይሆናል።

አንደኛ፣ ልጅ መድረክ ላይ ማውጣት አቆምን። ቦርሳው ከገበያ የሚገዛ፣ ማንም ልጅ የሚይዘው ዓይነት ሆነ። የሚቀበለው ልጁ ሳይሆን እናት ወይም አባት ነው፤ ለልጁ የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። ልጅ «እናቴ ገዛችልኝ» ቢል ምን ይጎድልብናል?

ሁለተኛ፣ የልጆቹን ስም የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣነው ገብቷችኋል። እኔ ራሴ ከአምስቱ መካከል አይደለሁም። በመንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደማንኛውም ልጅ ሰላም እላቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ የዓመቱን ሙሉ ወጪ ሳናስብ ልጅ አንቀበልም። ለሃያ ልጅ እስከ ታኅሣሥ ከመርዳት ለሰባት ልጅ እስከ ሰኔ መርዳት መረጥን። ይህ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ አሥራ ሦስቱን ያስቀረሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ተስፋ ሰጥቶ መሃል መንገድ ላይ መተው ከዚያ የባሰ ነው። ቀስ በቀስ ጌታ ጨመረልን።

አራተኛ፣ ልጁ የእኛ ጉባኤ አባል እንዲሆን አንጠይቅም። ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊም ነው። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለውም። ወንጌልን እንሰብካለን፣ አናፍርበትም። በደብተር ግን ነፍስ አንገዛም።

«ታዲያ ብሩ መድረሱን በምን እናውቃለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ፣ በአረብ አገርም ሰው ቤት ሠርታችሁ ከደመወዛችሁ የምትልኩ እህቶች፣ ላባችሁ ነውና ማወቅ ይገባችኋል። ደረሰኝ እንልክላችኋለን። ስንት ልጅ እንደተረዳ፣ ስንቱ ወደሚቀጥለው ክፍል እንደተዛወረ እንነግራችኋለን። የቤተ ክርስቲያን ኦዲተር ሒሳቡን ያያል። የልጅ ፊት ግን ደረሰኝ አይደለም። «የሚያለቅስ ልጅ ቪዲዮ ላኩልን» አትበሉን፤ እኛም አንላክላችሁ።

«እንዲህ ተደብቆ የሚሠራ ነገር ፍሬው የት ይታያል?» ብትሉኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ተወልዶ ገና በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በዚያው አቅራቢያ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። አስቴር ጋኖም እንደዚሁ ከባርነት ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች፤ በሚስዮኑ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማረች። እነዚህ ሁለቱ አብረው ደከሙ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። የእነርሱን ስም እናውቃለን። በስዊድን ሆነው ለዚያ ትምህርት ቤት ሳንቲማቸውን የሰጡትን ምእመናን ስም የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ማን አለ? ሰማይ ያውቃቸዋል። ይበቃቸዋል።

ወገኖቼ፣ የነገሩ ሥር ግን ከዚህ ይጠልቃል። እኛም ሌላ የከፈለልን ልጆች ነን። መክፈል የማንችለው ዕዳ ነበረብን። ጌታ ኢየሱስ ዕዳችንን ሲከፍል እኛን በአደባባይ አላቆመንም፤ በአደባባይ የቆመው እርሱ ነው። እርሱ በሰው ሁሉ ፊት ተዋርዶ የእኛን እፍረት ሸፈነ። ዕብራውያን 2 ላይ በእኛ እንደማያፍርብን ተጽፏል። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ይህን ያላወቃችሁ ካላችሁ ዛሬ ወደ እርሱ ኑ። በመጣችሁበት ሁኔታ ይቀበላችኋል። ያወቅን ደግሞ እንደተደረገልን እናድርግ።

ያቺ ልጅ በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ይህ እስከ ዛሬ ልቤን ይነካኛል። በሁለተኛው ዓመት ግን የማታ ትምህርት ጀመረች። ደብተሯን የገዛላት ማን እንደሆነ አታውቅም። እናቷም አያውቁም። እኔም ከዚህ በላይ አልናገርም።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በስጦታችን ውስጥ ለራሳችን ክብር ስለፈለግን ይቅር በለን። ያሳፈርናቸውን ልጆች አንተ ቀና አድርጋቸው። በሰፈራችን ደብተር ያለቀበትን ልጅ አሳየን፤ ሳናሳፍር የምንደርስበትንም ጥበብ ስጠን። መስከረም የጀመርነውን ሰኔ ላይ እንድናደርስ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።