ስለ ባዮዌር መዳከም የተደረገ ንግግር


ተጫዋቹ ራሱ ባለታሪክ የሚሆንባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች የሚያዘጋጀውን ባዮዌርን በ1995 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ ያቋቋሙት ሦስት ሐኪሞች ናቸው (ወላጆቻችን ይህን አይወዱት ይሆናል)። እኛ «ማስ ኢፌክት»ን የወደድነው ለተኩሱ አይደለም፤ በ2007ቱ ክፍል የመረጥነው ነገር በ2010ሩ ስለሚታወስ፣ አብሮን የሚዘምተውም ጓደኛ በንግግራችን ስለሚታዘበን ነው እንጂ። ዳሩ ግን ድርጅቱ ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ከተሸጠ በኋላ፣ የቀሩት ሁለት መሥራቾች በ2012 ወጡ። በ2019 የወጣው «አንዘም» በኅብረት መተኮስን ከጭውውት አስቀደመ፤ ሳይሰምርም ቀረ። በ2023 50 ያህል ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ጸሐፊዎችም ነበሩባቸው። የ2024ቱ «ድራገን ኤጅ» ከታሰበው ተጫዋች ግማሽ ያህሉን ብቻ አገኘ፤ በ2025ም ሌሎች ጸሐፊዎች ተከተሉ። እነርሱ ከፈጠሯቸው ሰዎች ጋር ስንት ሌሊት ስናወጋ አድረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ያወቅነው ሲሰናበቱ ነው።